የግቢው ቤት ለማን ይገባል?

ዘንድሮ በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ የቤት ድልድል ኮሚቴ ውስጥ የቴክኒክና የአስተዳደር ሠራተኛውን ወክዬ ገብቻለሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ «እኔ ስንተኛ ነኝ?» ይለኛል። ቤቱ ጥቂት፣ ጠያቂው ብዙ ነው። ግቢያችን ከአየር ጤና አልፎ በሰበታ መንገድ ላይ ስለሆነ መሀል ከተማ ለሚኖር ሰው ይርቃል፤ ቅርብ ልከራይ ያለም ዋጋው ከደመወዙ ጋር አይገናኝለትም።

ባለፈው ስብሰባ ላይ ጥቂት ቤቶች በነጥብ ሳይሆን በሥራ መደብ ይሰጡ የሚል ሐሳብ አቅርቤ ጊዜ አጥሮን ሳይቋጭ ቀረ። እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው።

መመሪያችን ነጥብ ይሰጣል። ለአካዳሚክ ማዕረግ፣ ለአገልግሎት ዘመን፣ ለኃላፊነት ቦታ፣ ለቤተሰብ ብዛት ነጥብ አለው፤ አካል ጉዳትና የጤና ችግር ላለበትም ይጨመርለታል። ማዕረጉ ከረዳት ምሩቅ ጀምሮ በሌክቸረርና በረዳት ፕሮፌሰር አድርጎ እስከ ፕሮፌሰር ሲወጣ ነጥቡም አብሮ ይወጣል። የእኔ ዓይነት ሠራተኛ፣ የላብራቶሪው፣ የቧንቧው፣ የክሊኒኩ፣ የጄኔሬተሩ፣ በማዕረግ የሚያገኘው ነገር ስለሌለ በአገልግሎት ዘመኑና በልጆቹ ቁጥር ብቻ ይወዳደራል። ቅጹን ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ይህ ሰው ግቢ ውስጥ ቢያድር የትኛው ሥራ ይቃናል የሚል ጥያቄ አንድም ቦታ የለበትም።

ለምን እንደሚያስፈልግ ከራሴ ሥራ ልጀምር። የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ለተማሪ የተግባር ትምህርት መጀመሪያ ሚዲያ፣ ማለትም ባክቴሪያው የሚያድግበት ምግብ፣ ይመዘናል፤ ይበጠበጣል፤ ከዚያ አውቶክሌቭ በሚባለው፣ በእንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን ውስጥ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይቆያል። 15 ደቂቃ ሲባል አጭር ይመስላል። ማሽኑ እዚያ ሙቀት ላይ እስኪደርስ፣ በኋላም ግፊቱ ወርዶ ክዳኑ እስኪከፈት ሲቆጠር አንዱ ዙር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከዚያ በፔትሪ ዲሽ፣ ክዳን ባለው ትንሽ ክብ ሳህን፣ ይቀዳል፤ ይረጋል፤ ተማሪው ናሙናውን ይዘራበትና 37 ዲግሪ ላይ ሙቀቱን ጠብቆ በሚያቆይ ኢንኩቤተር ውስጥ ይገባል። አብዛኛው ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መነበብ አለበት። ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት የገባ ነገ ከ9 ሰዓት በፊት ይነበባል። ዓርብ የገባ ቅዳሜ ይነበባል። ካለፈበት አንዱ ዘር በሌላው ላይ ይወጣና የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

እንግዲህ በዚህ ላይ ሰርቪሱን ጨምሩበት። ማታ የሥራ ሰዓት የሚያልቀው 11፡30 ነው፤ ሰርቪሱም ወዲያው ይወጣል። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ አውቶክሌቭ የሚያስነሳ የለም፤ ሰው ሳይጠብቀው የሚተው ማሽን አይደለምና። 11 ሰዓት ላይ ተማሪ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ መምህሩ ቦርሳውን ይዞ ቆሞ ነው የሚመልስለት። የሦስት ሰዓት ሙከራ በሁለት ሰዓት ያልቃል። የዓርብ ከሰዓት ላብራቶሪ የደረሰው ቡድን ቅዳሜ የሚያነብለት ስለሌለ ዲሹ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል፤ ሰኞ ሲመጣ የእሱን ሳይሆን ከሌላ ቡድን የተረፈውን አይቶ ሪፖርት ይጽፋል። በገዛ እጁ የዘራውን በገዛ ዓይኑ ሳያይ የሚመረቅ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። ይህ ያመኛል።

ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሰርቪስ ያመለጠው ሰው አየር ጤና ላይ የሚኒባስ ሰልፍ ይይዛል፤ ከዚያ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ወደየሰፈሩ። ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት የምትረከበው እናት ያንን አደጋ አትወስድም፤ መውሰድም የለባትም። እኔ ራሴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ በምኖርበት ጊዜ በጨለማ ወጥቼ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ ደርሼ ነበር ሰርቪስ የምይዘው። ላብራቶሪ ስገባ ጉልበቴ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። በዚያ ድካም ላይ ደግሞ በሚሊግራም መመዘን አለ፤ የተማሪ ናሙና ላይ ምልክት መጻፍ አለ።

የኪራዩ ነገር ሌላ ሸክም ነው። ኮንዶሚኒየም ለማግኘት በ2005 ዓ.ም. ከ900 ሺህ በላይ ሰው ሲመዘገብ እኔም ተሰልፌ ተመዝግቤአለሁ፤ 20/80 ነው የያዝኩት፤ ቁጠባዬን አላቋረጥኩም፤ እጣው ግን አልወጣልኝም። እስኪወጣ ደግሞ የአከራይ ፊት እያዩ መኖር ነው። አንድ ሌክቸረር ባልደረባዬ በአንድ የትምህርት ዘመን ሁለት ጊዜ ቤት ለቋል። መጀመሪያ የቤቱ ባለቤት እትዬ «ልጄ ከዐረብ አገር ልትመጣ ነው» አሉት። ሁለተኛው አከራይ ደግሞ በስድስተኛው ወር ላይ ጨምር አለው። የዚያን ሴሚስተር የፈተና ወረቀት ያረመው ካርቶን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ውጤቱም ዘገየ፤ ተማሪዎቹ ሬጅስትራር በር ላይ ተሰለፉ፤ የሰማውም ሁሉ ወቀሳውን በእሱ ላይ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ጥሩ አዋጅ ነው። ነገር ግን አከራይና ደላላ በር ዘግተው ተነጋግረው ወረቀት ላይ ሌላ፣ በእጅ ሌላ ሲያደርጉት ተከራዩ «አዋጅ አለ» ብሎ ለመከራከር አቅም የለውም፤ በማግስቱ የሚያድርበት ያስፈልገዋል።

ስብሰባው ላይ የሰው ሀብት ባልደረባችን ኸርዝበርግን ጠቀሰ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጥናት ደመወዝ፣ የሥራ ሁኔታ፣ የአለቃ አያያዝና የመሳሰሉት ሲጓደሉ ሰውን ያስከፋሉ፤ ሲሟሉ ግን ቅሬታውን ያስቀራሉ እንጂ ለተሻለ ሥራ አያነሳሱትም ይላል። ባልደረባዬ ከዚህ ተነስቶ «ቤት ብንሰጥ ማማረሩ ይቀንሳል፤ ሥራው ግን አይጨምርም፤ ስለዚህ ቤቱን ለደከመበት ሰው እንደ ክብር ብንሰጠው ምን ችግር አለው፣ እህቴ?» አለኝ። ንግግሩ ከልብ ነበር፤ ብዙ ሰውም ራሱን ነቀነቀ። ኸርዝበርግ ያነጋገራቸው ግን ፒትስበርግ አካባቢ የሚሠሩ መሐንዲሶችና የሒሳብ ባለሙያዎች ናቸው። ስለ እነሱ ልክ ሊሆን ይችላል። የእኛ ግቢ ነገር በደስታና በቅሬታ አይለካም፤ በሰዓት ይለካል። ከ11፡30 በኋላ፣ ከጠዋቱ 2፡30 በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ሥራው ላይ ሰው አለ ወይስ የለም?

ቤት ደርሶኝ ወደ ግቢ ከገባሁ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ደረጃ ለደረጃ እናመላልሳለን። ሆኖም ከላብራቶሪው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያን ጊዜ አንዲት የማስተርስ ተማሪ በሰበታና በሆለታ ዙሪያ ካሉ የወተት ላሞች ናሙና እየሰበሰበች የጡት በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን ታጠና ነበር። ላም የምትታለበው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ልጅቱ ናሙናዋን በአይስ ቦክስ ይዛ ጠዋት 1 ሰዓት ግቢ ትደርሳለች። ድሮ ቢሆን በረዶው እየቀለጠ ጥበቃዎቹ ጋ ሰርቪስ እስኪመጣ ትጠብቅ ነበር። አሁን ወርጄ እከፍትላታለሁ፤ ሰርቪስ ሲገባ ናሙናው ተዘርቶ ኢንኩቤተር ውስጥ ነው፤ ንባቡም በማግስቱ ጠዋት ይደርሳል። ማኒቶል ሶልት አጋር የሚባለው ሚዲያ ላይ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ በሰዓቱ ያየነው ዲሽና ቀን የተጨመረበት ዲሽ በፍጹም አንድ አይደሉም።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። የልጅቱ ለይታ ያስቀመጠቻቸው ባክቴሪያዎች ከእርሻ ወደ እርሻ ስትዞር የከረመችባቸው ናቸው፤ ያሉት ጥልቅ ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው። ጄኔሬተሩ እንዳልተነሳ ከመስኮቴ አየሁ። ከጥበቃው ጋር ባትሪ ይዘን ወረድን፤ ከክሊኒኳ ነርስ የክትባት አይስ ፓክ ተዋስን፤ ቱቦዎቹን ወደ አይስ ቦክስ አዛወርን። ነርሷም እዚያው የምታድር ባትሆን ኖሮ የክሊኒኩን ቁልፍ ከየት እናመጣ ነበር? ልጅቱ ጥናቷን በጊዜው አቀረበች። ያን ምሽት እኔን የካ አባዶ ቢያገኘኝ ስልክ ከመቀበል ሌላ የማደርገው አልነበረም።

ጄኔሬተሩ ለምን አልተነሳም? ኦፕሬተሩ ሩቅ ስለሚኖሩ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጡረታቸው የቀረበ ሰው ናቸው። ፉሪ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተዋል። መብራት በሌሊት ሲጠፋ ጥበቃው ይደውልላቸዋል፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ ስለሌለ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ከእሳቸው ሌላ ደግሞ ማሽኑን መንካት ለማንም አይፈቀድም። ለቤት ሦስት ጊዜ ተወዳድረው ሦስቱንም ወድቀዋል። ነጥባቸውን እኔ ራሴ ደምሬዋለሁ። ማዕረግ ዜሮ፣ ኃላፊነት ዜሮ፣ ልጆቻቸው ስላደጉ የቤተሰቡም ነጥብ አነስተኛ ነው። የሦስት ሺህ ተማሪ ማደሪያ፣ የውሃው ፓምፕ፣ የወጥ ቤቱ ማቀዝቀዣ፣ የእኔ ኢንኩቤተር ሁሉ በእሳቸው እጅ ላይ ነው። «ልጄ፣ እኔ ሰፊ ቤት አልጠየቅኩም፤ ከጄኔሬተሩ ጎን አንዲት ክፍል ቢሰጡኝ ይበቃኛል» አሉኝ። መመሪያው ግን የዚህ ዓይነት መስመር የለውም።

ይህን ነገር አጥብቄ የምይዘው ያደግሁት ወንጂ ስለሆነ ይሆናል። ሆላንዶቹ ኤች.ቪ.ኤ. በሚባል ኩባንያቸው ስም የከፈቱት ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የወፍጮ ክፍል የፈረቃ ሠራተኛ ሆኖ የገባው። እኛ ካምፕ ውስጥ እንኖር ነበር። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ሳይፈጭ በቆየ ቁጥር ስኳሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወፍጮው ሌሊትም ቀንም ይዞራል፤ ሠራተኛውም በእግሩ ደርሶ ፈረቃ የሚቀያየርበት ርቀት ላይ መኖር አለበት። የቤቶቹ መጠን እዚያም በደረጃ ይለያይ ነበር፤ የሥራ መሪው ሰፊ ቤት ነበረው። ወፍጮ ላይ የሚቆመው ሰው ግን ቤት ያጣበት ጊዜ አላስታውስም። ሥራው ራሱ ነበር የሚያስገድደው።

አባቴ አንድ ነገር አጥብቆ ይነግረን ነበር፤ «ቤቱ የሥራው ነው፤ የእኛ አይደለም» ይል ነበር። ለዚህም ጡረታ ሳይወጣ አዳማ ላይ ቀስ እያለ ትንሽ ቤት ሠራ። የግቢ ቤት ያላቸውን ባልደረቦቼን ሳይ ይህ ይታወሰኛል። ሥራ ሲለቀቅ ክሊራንስ ላይ የመጀመሪያው ፊርማ የቤቱ ቁልፍ ነው። ውጭ አገር የዶክትሬት ዕድል ያገኘ አንድ መምህር ሚስቱና ልጆቹ የት ይወድቃሉ ብሎ ጉዞውን ለቀጣዩ ዓመት አስተላልፎታል። ትምህርት ክፍሉን የጠላ፣ ከኃላፊው ጋር የተጣላ፣ ልቡ ከሥራው የወጣ፣ ግን ቤቱን ላለማጣት ብቻ የተቀመጠ ሰውም አለ። ዩኒቨርሲቲው «ሠራተኛ አልለቀቀብኝም» ብሎ ቢደሰት እኔ አልደሰትም። እንዲህ ያለው ሰው በአካል አለ፤ ሥራው ግን የለም።

ግቢ ውስጥ ማደር ሌላም ዋጋ አለው። ለሚያድር ሰው ሥራ አይመሽም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነጠላዬን ሳላወልቅ «አንዴ ክፈችልን» የተባልኩበት ቀን ብዙ ነው። ትርፍ ሰዓት ስጠይቅ «ቤት ተሰጥቶሽ የለም እንዴ?» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ይህን በፍጹም አልቀበለውም። ለቤቱ ኪራይ ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ቤቱ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ምትክ አይደለም። የግቢ ነዋሪው የሚጠራበት ተራ በወረቀት ይውጣ፤ የተጠራበት ሰዓት ይመዝገብ፤ ይከፈል።

ባለቤቴንም መርሳት የለብኝም። ሥራው ሲኤምሲ አካባቢ በአንድ የግል ድርጅት ነው። አባዶን የመረጥነው ለእሱ ስለሚቀርበው ነበር። ወደ ግቢ ስንገባ የእኔ መንገድ ሙሉውን ወደ እሱ ተሻገረ፤ ዛሬ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚመለሰው እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከእኔ ያተረፈውን ሰዓት የእሱ መሥሪያ ቤት እየከሰረ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም እኛ ጋ የሚሠሩ ከሆነ አንድ ቤት ሁለት ሰው ከመንገድ ያሳርፋል፤ መመሪያው ግን ለእነሱ የሚጨምረው ነጥብ የለም። ይህም መታየት አለበት።

ሌላው ሰው ቶሎ የማያስበው የመታወቂያ ነገር ነው። ሰበታ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ነው። ግቢ ገብቶ መታወቂያውን ያዘዋወረ ሰው አዲስ አበባ ላይ የተመዘገበበት ኮንዶሚኒየም ይሰረዝብኛል ብሎ ይፈራል። ቤት ደርሶት በዚህ ፍርሃት ብቻ የመለሰ ሰው በኮሚቴው መዝገብ ላይ አለ። ዩኒቨርሲቲው ከሁለቱም አስተዳደሮች ጠይቆ ለሠራተኛው በጽሑፍ ቢያሳውቅ ብዙ ሰው እፎይ ይላል።

ሐሳቤ እንግዲህ ይህ ነው። ካሉት ቤቶች ጥቂቶቹ፣ በተለይ የምድር ቤት ስቱዲዮዎቹ፣ ከነጥቡ ውጭ ይሁኑና ለሥራ መደብ ይሰጡ። ለጄኔሬተር ኦፕሬተር፣ ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ለነርስ፣ ለማደሪያ ፕሮክተር፣ ለላብራቶሪ። ቤቱ የመደቡ እንጂ የሰውየው አይሁን፤ መደቡን የያዘ ይኖርበታል። የቀረው እንደ ድሮው በነጥብ ይከፋፈል። ቤት ለማይደርሰው ለብዙው ሠራተኛ ደግሞ ሁለተኛ ሰርቪስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይውጣ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን እንኳ። አንድ አውቶቡስና አንድ የሾፌር ትርፍ ሰዓት ነው። የከሰዓት ላብራቶሪ ሙሉ ሦስት ሰዓቱን ያገኛል፤ መምህሩም ቦርሳውን አስቀምጦ ተማሪውን ያነጋግራል። ቤት ለመሥራት በጀት የለም ከተባለ እንኳ ይህ በነዳጅ ወጪ ብቻ የሚሆን ነው።

አንድ አንጋፋ ተባባሪ ፕሮፌሰር ተቃወሙኝ። «ማዕረጉን ያገኘሁት በሃያ ዓመት ድካም ነው፤ እኔም ዛሬ ተከራይ ነኝ፤ ቤቱን ለመደብ ስትሰጪው የእኔን ከእኔ ላይ ትወስጂብኛለሽ» አሉ። ዝም ብዬ አዳመጥኳቸው፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። በዚህ ዕድሜና በዚህ ዕውቀት አንድ ምሁር ቤት ልቀቅ መባሉ ለአገር ያሳፍራል። እሳቸው የሚያርፉበት ቤት ይገባቸዋል፤ ያንን ግን ዩኒቨርሲቲው መሬት ጠይቆ፣ ሠራተኛውን በማኅበር አደራጅቶ፣ የባንክ ብድር አመቻችቶ መፍታት አለበት፤ የራሳቸው የሚሆን፣ ጡረታ ሲወጡ የማይመልሱት ቤት። የግቢው ስቱዲዮ ያንን ጉድለት አይሞላላቸውም። የጋሼን ጉድለት ግን ዛሬውኑ ይሞላል፤ በዚያውም እሳቸው የሚያስተምሩበት ክፍል መብራት አያጣም።

ሰብሳቢያችን ዶክተሩ «ማስረጃ አምጪ» ብለውኛል፤ ተገቢ ነው። ከጥበቃ ክፍሉ ጋር ተነጋግሬ መብራት በሌሊት የጠፋበትንና ጄኔሬተሩ የተነሳበትን ሰዓት በመዝገብ እያስያዝኩ ነው። ከትምህርት ክፍሉ ደግሞ ሳይነበቡ ፍሪጅ የገቡትን የዓርብ ላብራቶሪዎች ዝርዝር ጠይቄአለሁ። ከፋሲካ በኋላ ኮሚቴው ሲቀመጥ ሁለቱንም አቀርባለሁ። በሌላ ዩኒቨርሲቲ የምትሠሩ፣ በተለይ ቴክኒሻኖች፣ የእናንተ መመሪያ ለሥራ መደብ የተለየ ቤት ይዞ እንደሆነ፣ አንቀጹም ምን እንደሚል ላኩልኝ፤ ከስብሰባው በፊት ቢደርሰኝ አብሬ አያይዘዋለሁ።